ያልመጣችባቸው ሦስት ቀኖች

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ሙልታን ዛሬም ይፋጃል። ትምህርት ቤቱ መብራት የለውም። ኮሌጅ ያስተማርኳት ሚስ ናቢላ የሠራችውን ግራፍ ልገመግም ሄጄ ተናደድኩ። ተማሪዋ ዙኒራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አትናገርም። የምትፈልገውን በሥዕል ካርድ እንድትጠይቅ እያስተማረቻት ነው። በቀን ስንቴ እንደጠየቀች በነጥብ ይሰፍራል። መስመሩ ይወጣል፣ ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ ደግሞ ይወጣል...
"ምንድን ነው ይሄ? የልብ ምት ነው?"
"በደንቡ ነው የሠራሁት፣ ሰር።"
ርእሰ መምህርቷ መዳም ሻይስታ ጨክናለች። "ካርዱ ካልሠራ ሐሙስ እናሰናብታታለን። ቦታውን የሚጠብቅ ልጅ አለ።"

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
የዙኒራ እናት በር ላይ ያዘችኝ። "ዶክተር ሳሂብ፣ ልጄን ልታስወጧት ነው አሉ?"
ዜሮ የሆነችባቸውን ሦስት ቀኖች ነገርኳት፤ ምን ነክቷት ነበር?
"በእነሱ ቀኖች መች መጣችና! የምትመጣበት የአባቷ ባለ ሦስት ጎማ ሪክሾ ተበላሽቶ ቤት ነበረች።"
ናቢላን አፋጠጥኳት። "ላልመጣች ልጅ ዜሮ ስጪ ያለሽ ማነው?"
ቀስ ብላ፣ "እርስዎ ነዎት፣ ሰር። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሲያስተምሩን። ባዶ ቦታ የሰነፍ ነው ብለው ወረቀቴን ቀደዱት።"
ቀድጄዋለሁ። ትዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
አብረን እንደገና ሣልነው። በቀረችባቸው ቀኖች ነጥብ የለም፤ መስመሩ ይቋረጣል። ካርዱ የተጀመረበት ቦታ ላይ ቁልቁል የተቆራረጠ መስመር አሰመርን፤ የፊቱ ነጥብ ከኋላው ጋር አይገናኝም።
ከመስመሩ በፊት፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ። ከዚያ ወዲህ፦ አራት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ... አሥራ አራት።
ያ አላህ! ቁልቁል መስመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ደንብ ነው። የሥዕል ማሳመሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር እንዴ? ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ ያየኋት መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
መዳም ሻይስታ ጣቷን ክፍተቱ ላይ አሳረፈች። "ይሄ ለምን ተቆረጠ?"
"አልመጣችም። ያላየነውን አንጽፍም።"
"ያ ሁሉ ዜሮስ ከየት መጣ?"
ናቢላ አቀረቀረች።
"ከእኔ" አልኩ።
"እርስዎ ተሳሳትኩ ካሉ፣ ዛሬ ሙልታን ላይ በረዶ ይጥላል!" ብላ ፈረመች። ዙኒራ ትቆያለች።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13
እኔ ልቁጠር ብዬ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ። ዙኒራ ካርዶቿን ብዙ አገላበጠች። የኳሱን ተወችው፣ የብስኩቱንም። የበሩን ሥዕል ይዛ መጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ለእኔ! ተነሥቼ ከፈትኩላት። ፀሐዩ ላይ ወጥታ ቆመች፤ እኔም አጠገቧ...
ናቢላ ከኋላዬ እየሳቀች፣ "ሰር፣ ነጥቡን ያስፍሩ እንጂ!"
እርሳሱ እጄ ላይ ነበር። ረስቼዋለሁ።