ስድስተኛው ክር

ውድ ሎንዞ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ስምህን በቤቴ አላስጠራሁም። አሁን ስጽፈው እጄ የሚንቀጠቀጠውም በአንተ ምክንያት አይደለም፣ በሽታ ነው። ግራ እጄ ከጥቅምት ወዲህ አይታዘዘኝም። ጊታሩን መቃኘት እችላለሁ፤ መጫወት ግን አበቃልኝ። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ለምን እንደጻፍኩልህ እንዲገባህ ነው።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ሴት እዚህ ግሪንዉድ ድረስ መጥታ በሬን አንኳኳች። ሬኔታ ፕሩዊት ትባላለች። ጃክሰን ከተማ ካለ ኮሌጅ ነኝ አለች፤ ብሉዝና ሶል ሙዚቃ ሲጫወቱ ያረጁ ሰዎችን ስለ ኑሯቸውና ስለ ሥራቸው እያነጋገረች ድምፃቸውን ትቀርጻለች። በመጋረጃው ጥግ አየኋት። ትንሽ ሻንጣ ይዛለች፣ ጫማዋ ንጹሕ ነው፣ ደግሞ ትስቃለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በሩን ሳልከፍት «ማን ላከሽ?» አልኳት።

«ማንም አልላከኝም፣ ሚስተር ኤዜል። ስለ ሥራዎ እንድናወራ ብዬ ነው።»

«ሥራዬ አልቋል።»

«እንግዲያው ስላለቀው እናውራ።»

አፍ አላት። ከፈትኩላት፤ ግን መጀመሪያ የጊታሩን ሳጥን ከአልጋ ሥር ወደ ውስጥ ገፋሁት።

ሁለት ቀን ስታወራኝ ዋለች። ስለዚያ የኋላ ማርሽ ስላልነበረው መኪናችን ነገርኳት፤ ጭፈራ ቤት በደረስን ቁጥር አንተ ወርደህ ወደ ኋላ ትገፋው እንደነበር። ስትስቅ እኔም ልስቅ ነበር፣ ሳቄን ያዝኩት። ሰውን አስቆ የሆዱን የሚያስወጣ ጆሮ ጠቢ ብዙ አይቻለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተጠበሰ አሳ ይዛልኝ መጣች። ቀድማኝ እስክትቀምስ ጠበቅኩ።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ። «ሚስተር ኤዜል፣ ድሮ የሰሙዎት ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ይነግሩኛል። ሌላ ጊታር መቺ ከገባ ጀርባዎን ሰጥተው ይጫወቱ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«ሁላችንም እንደዚያ ነበርን» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ። በእኛ ጊዜ ቅኝት ማለት የሰው ንብረት ነው። ክሮችህን እንዴት እንደቃኘህ ሌላው ካወቀ፣ ነገ በአንተ ድምፅ አንተ የምትጫወትበት ቤት ገብቶ ይጫወታል። ስለዚህ ብቻህን ሆነህ ትቃኛለህ፣ ስትጫወትም ጣትህን እንዳያይ ዞር ትላለህ፤ ጊታሩን ስታስቀምጥም ክሮቹን ታላላቸዋለህ። የእኔን ቅኝት የሰጠኝ የአባቴ ወንድም ነው፤ እሱም የሰጠኝ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ለአንተ አልሰጠሁህም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንዞር አንድም ቀን አላሳየሁህም።

አንተ ግን ቺካጎ ገብተህ ሶል ዘፋኝ በሆንክ በዓመቱ ያን ሸክላ አወጣህ። ፀጉር ቤት ተቀምጬ ነበር። ፊቴ በሳሙና ተሸፍኗል፣ ግማሹ ተላጭቷል። ሬዲዮው ዘፈንህን ለቀቀው። ከኋላህ ጥሩምባ ነፊዎች ቆመዋል፤ ከሥር ግን የእኔ ቅኝት አለ። አምስቱ ክሮች ልክ ናቸው። ስድስተኛው ብቻ ተሳስቷል። ግማሽ ጢሜን ይዤ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ስማ። በመንገድ ላይ ስቆጥር፣ ከእኔ ሌላ ያንን ጊታር የነካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ዊላ። ሚስቴ። ዕረፍት ስወጣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች። ቤት ስገባ አተር እየፈለፈለች ነው።

«ምን ሆነሃል? ፊትህን ምን ነካው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

በማግስቱ ለጊታሩ ሳጥን ቁልፍ ገዛሁ፣ ቁልፉንም አንገቴ ላይ አሰርኩት። አልጠየቀችኝም፤ ግን አይታዋለች። አርባ ዘጠኝ ዓመት በአንድ አልጋ ስንተኛ ያ ቁልፍ በመካከላችን ነበር። ልትሞት ሰሞን፣ ሆስፒታል ሆና፣ እጇን አንስታ አንገቴን ዳሰሰች። «አሁንም አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። «እሺ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም። ይኸው ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት።

ወደ ሬኔታ ልመለስ። ረቡዕ ጠዋት መጥታ ከሻንጣዋ መቅረጫውን አወጣችና አንገቷን ደፋ አደረገች። «ሚስተር ኤዜል፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ባለፈው ወር ቺካጎ ነበርኩ። ሚስተር ሎንዞን በአረጋውያን ቤት አነጋግሬያቸዋለሁ።»

ተነሣሁ። «አላልኩም? እሱ ነው የላከሽ። ስድስተኛውን ልትወስጂለት ነው የመጣሽው።»

«ስድስተኛው ምንድን ነው?»

«ውጪ!»

«እወጣለሁ። መጀመሪያ ያዳምጡት፣ ከዚያ ያባርሩኛል።» አዝራሩን ተጫነችው።

ድምፅህ አርጅቷል፣ ሎንዞ። ደረትህ ውስጥ ውሃ ያለ ይመስላል። ግን አንተ ነህ፤ ያ የድሮው ፌዝህ አለ። ያልከውን አንተ ብትረሳው እንኳ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ኤዜል ሌባ ነው ይለኛል አይደል? ልክ ነው። ግን ማንም አላሳየኝም፤ ያስተማረኝ ራሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ተኝተናል። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር፣ ጊታሩን ከእኔ ሊደብቅ ክሮቹን ያላላል። ሞኙ፣ እያንዳንዱን መታ እያደረገ ነው የሚያላላው። እኔ የተኛሁ መስዬ እሰማለሁ። አምስቱን እንደ አባታችን ሆይ ሸመደድኳቸው። ስድስተኛው ወፍራም ነው፣ ይጮሃል፤ እሱን በመዳፉ አፍኖ ነው የሚያላላው። አንድም ቀን አልሰማሁትም።»

ሬኔታ እንድትጫወተው ስትለምንህም ሰማሁ። «አይሆንም» አልካት። «ባለቤቱ በሕይወት አለ ብለሽኛል። አንዴ ነካሁት፣ ይበቃኛል። ደግሞም ጎዶሎ ነው።» ከዚያ ስቀህ ይህን አልክ፦ «ወደ ቺካጎ ልሄድ ስል ሚስቱን ዊላን ለምኛት ነበር። ስድስተኛውን ብቻ ንገሪኝ አልኳት። ‹የባሌን ነገር ከባሌ ጠይቅ› ብላ በማማሰያ ከኩሽና አባረረችኝ። ጀርባዬ ላይ አንዴ አሳርፋብኛለች።»

መጀመሪያ አላመንኩህም። ሬኔታ እንደምታሰማኝ አውቀህ ያዘጋጀኸው ነው አልኩ። አራት ጊዜ አስደገምኳት። ውሸቱ የቱ ጋ እንዳለ በጆሮዬ ፈለግኩት፤ ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር ይባላል። አላገኘሁትም። ያኔም አልተውኩም። ሬኔታን ደጅ አስወጥቼ ጊታሩን ቃኘሁት፤ ከዚያ ጠርቼ ጓዳ አስገባኋትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንድትቆም አደረግኳት። እኔ እንደ ልማዴ ክሮቹን ማላላት ጀመርኩ። እጄ ሳላዝዘው መታ ያደርጋል፤ ከዚያ ያላላል። መታ፣ ማላላት። በሕይወቴ ሙሉ ስሠራው አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ስድስተኛው ላይ ስደርስ መዳፌ በራሱ ሄዶ ተኛበት።

«ምን ሰማሽ?» ብዬ ጠራኋት።

ልጅቷ ከጓዳ ሆና አምስቱን ድምፅ በተራ አንጎራጎረችልኝ። አንዱንም አልሳተችም። ከዚያ አቆመች።

«ስድስተኛውስ?»

«ስድስተኛ አልሰማሁም፣ ሚስተር ኤዜል።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሎንዞ፣ እኔ ነኝ። ከአንተ ስሸሽግ የሰጠሁህ እኔው ነኝ። ዊላ ደግሞ የእኔን ነገር በማማሰያ ስትጠብቅ፣ እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመት እንደ ሌባ ሳያት ኖርኩ። አልቅሻለሁ። ሬኔታ ውሃ አምጥታልኝ መቅረጫውን ዘጋችው፤ መዝጋቷን ግን አረጋግጫለሁ።

ያው እኔ ነኝ፣ አልተለወጥኩም። አንተንም ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኩህም፤ መስማት አንድ ነገር ነው፣ የሰማኸውን ሸክላ አድርጎ መሸጥ ሌላ። ይህንንም ደብዳቤ ለፖስታ አልሰጠሁትም። ሬኔታ ራሷ ቺካጎ ይዛልህ ትመጣለች። የኤንቨሎፑ አፍ ላይ ፊርማዬን ግማሽ በግማሽ አድርጌ ፈርሜበታለሁ። ፊርማው ካልተጋጠመ ተከፍቷል ማለት ነው፣ አሳውቀኝ።

ጊታሩም ከእሷ ጋር ይመጣል። ሳጥኑ አልተቆለፈም። ቁልፉን ዛሬ ጠዋት ዊላ የተቀበረችበት ወስጄ አፈሩ ውስጥ ከተትኩት፤ ማንም እንዳያየኝም ዙሪያዬን ቃኝቼ ነበር።

እኔ ዘንድ የሚጫወት እጅ የለም፤ አንተ ዘንድ ሬኔታ እንደምትለው አሁንም አለ። የአጎቴ ነገር ከእኔ ጋር አፈር እንዳይገባ፣ ከአንተ በቀር የምሰጠው ሰው አጣሁ። እንግዲህ ስማ። ሰው ሁሉ ሲቃኝ ስድስተኛውን ያላላዋል። አንተም ሸክላው ላይ አላልተኸዋል። ስድስተኛው አይላላም፣ ይጠብቃል። ከአምስተኛው ጋር አንድ ድምፅ እስኪሆን አጥብቀው። ወፍራም ክር ወደ ላይ ይወጣል ብሎ ማንም ስለማያስብ ነው ያላገኛችሁት። ቀስ ብለህ አጥብቅ፤ ከቸኮልክ ይበጠስና ፊትህን ይመታሃል።

ከዚያ ሬኔታ ፊት ተጫወተው። ጀርባህን አትስጣት፤ ፊትህን አዙረህ፣ እጅህን እያሳየህ ተጫወት። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሃለሁ፣ ይህን እንኳ አትስረቀኝ። መቅረጫው ሲከፈት፣ ጊታሩን ከመንካትህ በፊት፣ ዊላ ታርፕሊ እንዳልነገረችህ ተናገር። ስሟን ሙሉውን ጥራው።

ኤዜል ታርፕሊ
ግሪንዉድ፣ ሚሲሲፒ