አባባ ሲነዱ ብቻ የሚጮኸው መኪና

ለወንድሜ ሑዘይፋ፣

አሰላሙ ዐለይኩም፤ አዳማ ያሉትን ልጆችህን አላህ በጤና ያቆይልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባባ ያለ ስኳር ሻይ ሰጠሽኝ ብለው ቢያኮርፉኝም።

መኪናው ግን አንገሽግሾኛል! ቆሞ ሳለ አንዳንዴ ሚኒሞው፣ ማለት ቤንዚን ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ ይልና ሞተሩ ይጮኻል። ጋራዥ ስንወስደው ጸጥ! መካኒኩ ቤንዚን የሚመጥነውን ካርቡራተር ፈትቶ ገጠመና «ምንም የለውም» አለን። እውነቱን ነው፤ ከገለምሶ እስከ ጭሮ እኔ ስነዳው አንድም ቀን አልጮኸም። አባባ ሲነዱ ነው። «እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ላይ ያንሱ» ስላቸው «አንስቻለሁ አልኩሽ!» ብለው ይቆጡኛል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እግራቸው እላዩ ላይ ነው።

አርብ ከመስጊድ ሲመለሱ አንዱ ሸበጥ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ እስክነግራቸው አላወቁም።

አንተ ደግሞ ካርቡራተር ልላክ ትለኛለህ! ዕቃ አትላክ፤ ራስህ ናና የአባባን እግር ለሐኪም እናሳይ።

በሰላም ያገናኘን፤
እህትህ ሙኒራ፣ ከጭሮ