የአቶ ሲላስ ወዳጆ የሕይወት ታሪክና ያልተጠናቀቀው የሕፃን አልጋ

አቶ ሲላስ ወዳጆ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ሻዎ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማርያም ገብሬ በሸካ ዞን በጌጫ አቅራቢያ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃን በጌጫ፣ የሁለተኛ ደረጃን በማሻ ተከታትለዋል። ማሻ ሳሉ በትርፍ ጊዜያቸው በርጩማ ይሠሩ እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በርጩማውን አየሁ የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በ1970 ዓ.ም. ወደ ቴፒ ወርደው በአንድ የቡና እርሻ ተቀጠሩ። ከቀን ሠራተኝነት ተነስተው የማድረቂያ ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን ደረሱ። እጃቸውን ቡናው ውስጥ ሰደድ አድርገው "ይህ ገና ነው" ወይም "ደርሷል፣ ይነሳ" ካሉ የሚከራከራቸው አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከዚህ ሥራ አልተለዩም።

በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ በየነች ጋር ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ፈጽመው ሦስት ልጆች፣ የምሥራችን፣ አዲሱንና ሜሪን አፍርተዋል። ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ ያላስማማቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መጋዝ። የወ/ሮ በየነች ታናሽ ወንድም አቶ ማቴዎስ በእንጨት መሰንጠቂያ ሲሠሩ ከባልደረባቸው ጋር እየተሳሳቁ መጋዙ ከጣቶቻቸው ጥቂቱን ቆረጠባቸው። ደሙን ያጠቡት ወ/ሮ በየነች ነበሩና "እኔ ቤት መጋዝ አይገባም" ብለው ማሉ። አቶ ሲላስም የእንጨት ፍቅራቸውን በሆዳቸው ይዘው ኖሩ።

ጡረታ ሲወጡ ግን አላስቻላቸውም። ከጅማ መጥተው በሰፈራችን ሱቅ የከፈቱት ጎረቤታቸው አቶ ናስረዲን በቡና ማሳቸው ውስጥ ንፋስ የጣለው የጥላ ዋንዛ ነበራቸውና ግንዱን ሰጧቸው። አቶ ሲላስ እንጨት ፍለጋ ጫካ ገብተው አያውቁም። እስከ መጨረሻው የሠሩት ንፋስ በጣለው ወይም ባለቤቱ በፈቃድ በቆረጠው ዛፍ ነው። ዋንዛውን አሰነጠቁና ጣውላውን ምን ቢያደርጉት ጥሩ ነው? የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አሰጡት! ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያደረቁ ሰው አይደሉም? በጠራራ ፀሐይ እየገለባበጡ አደረቁት። ጣውላው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጠቀ፤ የተረፈውም እንደ ቀንድ ተጣመመ። አቶ ናስረዲን አይተው "ጋሼ ሲላስ፣ ይሄማ ተቆልቷል!" ብለው የሳቁት ሳቅ በሰፈሩ ስንት ዘመን ተወራ።

ወ/ሮ በየነችም ሳቁ። ባለቤታቸው የተሰነጠቀውን ጣውላ እየዳበሱ ተቀምጠው ባዩ ጊዜ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። መጋዝ እንዲገባ የፈቀዱት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም በውል። ከቤት ወደ ጓሮው ዳስ መብራት የሚወስደው ገመድ በእሳቸው ቁምሳጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። አቶ ሲላስ የኤሌክትሪኩን መጋዝ በፈለጉ ቁጥር ሄደው ይጠይቃሉ፤ ወ/ሮ በየነችም ከእግር እስከ ራስ ይመረምሯቸዋል። እጅጌ ተሰብስቧል? መነጽር ተደርጓል? ጣውላው በሞርሳ ታስሯል? እንጨቱን ወደ መጋዙ የሚገፉበት ዱላ የታለ? ቁርስስ ተበልቷል? አቶ ሲላስ የተቆጡ ቀን ገመድ የለም። መጋዙ እየሠራ ዳሱ ውስጥ ወሬ ክልክል ነው፤ ጨዋታ ያማረው እንግዳ ገመዱ እስኪነቀል ይጠብቃል። አቶ ሲላስ መጀመሪያ "በስተርጅና ተማሪ ቤት ገባሁ" እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። በኋላ ግን ሳይጠየቁ እጃቸውን ዘርግተው ለፍተሻ ይቆሙ ጀመር።

ማድረቁንም እንደ አዲስ ተማሩት። ጣውላውን ከጣራ ሥር በጥላ፣ በመሐሉ ስስ እንጨት እያስገቡ ይደረድራሉ፤ ጫፍ ጫፉን እንዳይሰነጠቅ ቀለም ይቀባሉ። በቴፒ ዝናብ ቶሎ የሚባል ነገር የለምና ከዓመት ዓመት ይጠብቁታል። የሠሯቸው በርጩማዎችና መደርደሪያዎች በየጎረቤቱ፣ አግዳሚ ወንበሮቻቸውም በጸሎት ቤታችን አሉ። በመስኮቱ በኩል ያለው አግዳሚ ትንሽ ይነቃነቃል፤ እያወቃችሁ ተቀመጡበት።

በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው የምሥራች ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ማርገዟን ነገረቻቸው። አቶ ሲላስ እልል ብለው፣ አዎ እሳቸው ራሳቸው እልል ብለው፣ ያኑ ዕለት የሕፃን አልጋ ሊሠሩ ተነሱ። ብዙም ሳይቆይ የልብ ሕመም ያዛቸው። በሚዛንና በጅማ ሲታከሙ ቆይተው ሲመለሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ላያዩ እንደሚችሉ ተረድተውታል፤ አልጋውን ሳይሠሩ መሄድን ግን ልባቸው እምቢ አለ። ገመዱን ጠየቁ። ወ/ሮ በየነች የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው "አይሆንም" አሏቸው። በትዳር ዘመናቸው እንደዚያን ቀን ተኮራርፈው አያውቁም።

በማግሥቱ ጠዋት ወ/ሮ በየነች ገመዱን ከቁምሳጥኑ አወጡ። ነጠላቸውን አስቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ መነጽሩን አደረጉ። ከዚያም ገመዱን በባለቤታቸው ጭን ላይ አኑረው "በል እንግዲህ፣ አሁን ደግሞ አንተ ፍቀድልኝ" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ አቶ ሲላስ ወንበራቸው ላይ ሆነው በእርሳስ ያሰምራሉ፣ ወ/ሮ በየነች ይቆርጣሉ። አቶ ሲላስ ደግሞ ምሕረት የለሽ ተቆጣጣሪ ሆኑ። "ዛሬ ገመድ የለም፤ ዓይንሽ እንቅልፍ አልጠገበም" እያሉ ስንቴ መለሷቸው! መጋዝ ሲሰሙ ከሰፈር ይጠፉ የነበሩት አቶ ማቴዎስም እየመጡ በቀሩት ጣቶቻቸው የተቆረጠውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱ ነበር። እነዚያ ወራት የሕመም ወራት ነበሩ፤ ከዳሱ ግን ሳቅ ይሰማ ነበር። አልጋው እግር አወጣ፤ ሦስት ጎኖቹም ተገጠሙ።

አቶ ሲላስ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ በየነችን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና በጥር ወር የሚጠበቅ አንድ የልጅ ልጅ ትተውልን ሄደዋል።

የአልጋው አራተኛ ጎን ይቀራል። አቶ ሲላስ በመጨረሻዎቹ ቀናታቸው አስምረውታል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ ልኩ ትክክል ነው። አናጺ እንጥራ ቢባሉ ወ/ሮ በየነች አልፈቀዱም፤ ሳልስቱ ሲያልፍ እሳቸው ይቆርጡታል፣ ገመዱን የምሥራች ትይዛለች። ሐዘንተኛዋን ልታጽናኑ የምታስቡ ወዳጆች ሁሉ ኑ። የመጋዝ ድምፅ ከሰማችሁ ግን እስኪቆም በር ላይ ጠብቁ።

እግዚአብሔር የአቶ ሲላስን ነፍስ በማያረጅ ቤቱ ያሳርፍልን፤ የሚመጣውንም ልጅ በአያቱ አልጋ ያሳድግልን። አሜን።