ወደ ግራ የሚያደላው የባሌ አውሮፕላን

ለምወድህና በዚህ ሰሞን ፍቅሬን ክፉኛ ለፈተንከው ለታናሽ ወንድሜ ለፕራሃላድ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ቪናያ እንዴት ናት? የልጅህ የኢላ ሳል ተሻላት? የጎተንበርግ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ብለኸኝ ነበርና አጥንትህስ ደህና ነው? ወገብህስ? ከወንበር የማይነሣን ሰው ስለ ወገቡ መጠየቅ ደግ ነው ብዬ ነው። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ደህና ነኝ፤ ልጄ ስፑርቲ ደህና ናት፤ የታመመ ነገር ቢኖር የተማሪዎቼ የኬሚስትሪ ውጤት ብቻ ነው። ባሌ ሱብራያም ደህና ነው፤ እንዲያውም ጤናው ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ባለፈው በስልክ «አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ እማዬ ለምንድን ነው እስካሁን እናንተ ዘንድ ያልገባችው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሱን ስጀምርልህ «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» አልከኝ። ወረቀት አይቆራረጥምና ይኸው ጻፍኩልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው። መቀመጥ እንደሆነ ታውቅበታለህ።

እናታችን ናንጃንጉድ ባለው ቤቷ ደረጃ ላይ ከወደቀች ወዲህ ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳትረግጥ ነግሯታል። የዚያን ቤት ደረጃ ታውቀዋለህ፤ ፍየል እንኳ አስባበት ነው የምትወጣው። ገበያ መውረድ ስለማትችል ጎረቤቷ ያመጣችላትን እየቀመሰች እንደ እስረኛ በር ላይ ተቀምጣ ትውላለች። እኛ ቤት ደግሞ ታች ያለው መኝታ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው። ያ ክፍል የእሷ እንዲሆን ዝናቡ ሳይገባ ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። ግን ክፍሉ ባዶ አይደለም። አውሮፕላን ገብቶበታል።

ባሌ ከባንክ ጡረታ ሲወጣ ሥራ ፈታ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ የእኔ መነኩሴ ኮምፒውተር ገዛ። ቀጥሎ ስክሪኑ ሦስት ሆነ። ቀጥሎ መሪ መጣ፤ የሞተር ማንሻ መጣ፤ በመጨረሻም አንተ «ለአማቼ የልደት ስጦታ» ብለህ ከዚያ ድረስ የላክኸው የእግር ፔዳል መጣ። አንድ ቀን ጨዋታ ብዬ ብጠራው እስከ ማግስቱ አኮረፈኝ። «ጨዋታ አይደለም ሴትዮ! እውነተኛ አብራሪዎች የሚለማመዱበት ነው!» አለኝ። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነተኛ አውሮፕላን ተሳፍሯል። ዴልሂ እስክንደርስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የወረቀት ከረጢት አፉ ላይ ደቅኖ ነው የተጓዘው።

ክፍሉን መቼ ነው የምትለቀው እያልኩ ስጨቀጭቀው በመጨረሻ ቃል ገባልኝ። የካቬሪ በራሪዎች የሚባል የጡረተኞች ማኅበር አላቸው። ሁሉም በየቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው በኢንተርኔት ሰማይ ላይ ይገናኛሉ፤ ማዕረግም ይሰጣጣሉ። ባሌ ረዳት አብራሪ ነበር። ፈተናውን አልፎ ካፒቴን በተባለ ማግስት ዕቃውን ነቅሎ ክፍሉን ለእናቴ እንደሚለቅ በአባቱ ስም ማለልኝ። ስለዚህ ወንድሜ፣ እኔ፣ ስንት ልጅ ያስተማርኩ ሴት፣ እናቴ የምትተኛበት እንድታገኝ ባሌ በሌለ አውሮፕላን፣ በሌለ ሰማይ ላይ ካፒቴን እንዲሆን ስጸልይ ከረምኩ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ከዳሳራ በዓል ማግስት ጀምሮ ግን አውሮፕላኑ ታመመ። ለመነሣት ሲንደረደር ወደ ግራ ያደላል። ባሌ መሪውን ጨብጦ ላብ በላብ ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ትቶ ሣር ውስጥ ይገባል። ፔዳሉን የሚያስተካክልበት ፕሮግራም አለው፤ ያስተካክለዋል፤ አንድ በረራ ደህና ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ። በመጀመሪያ ጥፋተኛው ነፋስ ነበር። ነፋሱን ከፕሮግራሙ ውስጥ አጠፋው፤ ያለ ነፋስም ሣር ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ። «አንቺ ሚክሰርሽን ስታስነሺው የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ ኃይሉ ሲወርድ ፔዳሉ ይሳሳታል» ብሎ ለቁርሳችን ለኢድሊ ቂጣ የሚሆነኝን ሩዝ እንዳልፈጭ ከለከለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ስታቢላይዘር ገዛ፤ ኬብል ቀየረ፤ ሶኬት አስቀየረ። እኔ ሩዜን ተሸክሜ ጎረቤት እየሄድኩ ስፈጭ፣ አውሮፕላኑ ያለ ሚክሰርም ሣሩን አልተወም።

ከዚያ ዶሬስዋሚ የሚባለው መጣ። ከስልክ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ፈታኝም እሱ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ ትልቅ ሐኪም ገባ፤ ሻይ ጠጣ፤ ስክሪኑን አየና «ሶፍትዌሩ ነው» አለ። «ምኑ ላይ?» አልኩት። «እህቴ፣ ይህ እንዲህ በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም» አለኝ። የማያውቁት ነገር በአንድ ቃል እንደማይነገር እኔም አላጣሁትም። ሁለቱ ፕሮግራሙን በሙሉ አጥፍተው እንደገና ጫኑት። የስፑርቲ የወሩ ኢንተርኔት በዚያው አለቀ፤ ልጅቱ የቤት ሥራዋን ለመላክ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ጨርሰው ሲያስነሡት ወደ ግራ። «ምናልባት የግራ ክንፏ ውስጥ ነዳጅ በዝቶ ይሆናል» አለ ዶሬስዋሚ። ነዳጅ ቀነሱላት። የሌለውን ነዳጅ ቀንሰው ሲያበቁ እጃቸውን ታጠቡ።

ያንተም ምክር መጣ። በየእሁዱ ከባሌ ጋር እንደምትበር መች አጣሁት፤ አንተ ጎተንበርግ፣ እሱ እዚህ ተቀምጣችሁ፣ ከቤንጋሉር ትነሡና እዚሁ ከተማችን ማይሶር ታርፋላችሁ። «ፕራሃላድ የስክሪኑን ካርድ ቀይር ብሎኛል» አለኝ። አውሮፓ የተቀመጠ ኢንጂነር የተናገረው መሬት አይወድቅምና ካርዱ ተገዛ። እውነትም ለውጥ አመጣ። ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ፣ አንድ በአንድ እየተቆጠረ፣ አምሮ ታየ። አውሮፕላኑ ሄዶ እዚያው ያማረው ሣር ውስጥ ገባ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማዬ በስልክ «ክፍሉ ደረሰ ወይ ልጄ?» ትለኛለች። «ትንሽ ቀርቶታል እማዬ» እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት? የአንቺ አልጋ አውሮፕላን ከሣር እስኪወጣ እየጠበቀ ነው ልበላት? አፈርኩ። በባሌ አፈርኩ፤ ከእሱ ጋር ተስማምቼ በመጠበቄም በራሴ አፈርኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአልጋዋን ልክ ልውሰድ ብዬ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ሁለቱ ሊቃውንት ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ይጨቃጨቃሉ። እኔ ሜትሬን ይዤ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእነሱ አንዱም ጎንበስ ብሎ አላየም፤ ካፒቴን ጎንበስ አይልም መሰለኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከግራው ፔዳል ሥር፣ ማጠፊያው ውስጥ፣ የተጨፈለቀ ሎሚ ተወሽቆ እንደ እንጨት ደርቋል። ኩምኩም፣ ያ ቀዩ የጸሎት ዱቄት፣ ተቀብቷል። ፔዳሉ ተመልሶ ልክ ቦታው እንዳይደርስ የያዘው እሱ ነበር።

ገባህ? በበዓሉ፣ በአዩዳ ፑጃ ቀን፣ ከተማው በሙሉ መኪናውንና የሥራ መሣሪያውን በአበባና በኩምኩም ሲያስጌጥ፣ እኔም እንደ ወጉ ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ነጥብ ላኑር ብል ይህ ሰው በር ላይ ቆሞ ከለከለኝ። «እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ! ይህን ዱቄትሽን ይዘሽ ወጥ ቤትሽ!» ብሎ ሰበከኝ፤ የሳይንስ አስተማሪዋን! ከዚያ እኔ ቤተ መቅደስ እስክሄድ ጠበቀ። አባታችን አዲስ መኪና በገዛ ጊዜ ክፉ ዓይን እንዳያየው ብሎ ከየጎማው ሥር ሎሚ አስቀምጦ በላዩ አልነዳበትም? የእኔው የሳይንስ ሰውም በአዲሱ ፔዳልህ ሥር ግራና ቀኝ ሎሚ አስቀምጦ በእግሩ ጨፍልቆታል። የቀኙን አንሥቶ ጣለ። የግራው ተንሸራቶ ማጠፊያው ውስጥ ሲገባ የት ደረሰ ብሎ እንኳ አልፈለገውም።

ሎሚውን በመዳፌ ይዤ ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ። ዶሬስዋሚ አየውና «ሱብራያ! ሎሚ?» አለ። ባሌ «ለጥንቃቄ ያህል ነው» ብሎ አጉረመረመ። «ለመኪናዬ እኔም አደርጋለሁ። መኪና ግን ጎማ አለው ወንድሜ! ሎሚ ለጎማ ነው!» ዶሬስዋሚ ቢለው፣ ባሌ ስክሪኑን እየጠቆመ «እሷስ ጎማ የላትም?» አለው። ዶሬስዋሚ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየና «ልክ ነህ፤ ሦስት አላት» አለ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር መከራከር ያን ቀን አቆምኩ።

ሎሚው ከወጣ ወዲያ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሄደ። ባሌ ተፈተነ፤ አለፈ፤ ካፒቴን ተባለ። እኔም ደስ ብሎኝ ፓያሳ የሚባለውን ጣፋጭ ሠርቼ በወተት አጣፍጬ አቀረብኩለት፤ አልጋ የሚሸከም ሰውም ጠራሁ። «ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ። «ማለህልኝ አልነበር?» ስለው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «ለፕራሃላድ ቃል ገብቼለታለሁ። ካፒቴን ሆነህ በየእሁዱ አብረን እንበር ብሎ ለመነኝ። ወንድምሽን ቅር ላሰኘው?» አለኝ። እንግዲህ ስማ፣ የእናትህን አልጋ የያዝክባት አንተ ነህ። ሎሚውስ በአንድ ጣት ወጣ።

ይባስ ብሎ ካፒቴኑ ለእናታችን ደውሎ ተኩራርቷል። «እሁድ ፕራሃላድና እኔ ማይሶር እናርፋለን» ብሏታል፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ለእሱ ያ ሰማይ እውነት ነውና ማስረዳት መች ትዝ ብሎት።

እሁድ በረራችሁ። «እንደ ላባ አሳረፋት!» እያለ በደስታ ሲጮህ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። በማግስቱ ናንጃንጉድ ስሄድ እማዬ ተኝታለች፤ እግሯ አብጧል። አጠገቧ በሙዝ ቅጠል የተሸፈነ ሳህን አለ፤ የምትወደው ባለ ስኳር ቂጣ፣ ኦባቱ፣ ሳይነካ ተደርድሯል። ነገሩን የነገረችኝ ጎረቤቷ ናት። «ልጄ ዛሬ በአውሮፕላን ይገባል፤ አማቹ ነግሮኛል» ብላ ከጠዋት ጀምራ ስትጠፈጥፍ አርፍዳለች። ከዚያ ደረጃውን ተቀምጣ እየተንፏቀቀች ወርዳ መንገድ ዳር ዋለች። ከማይሶር በኩል አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ትነሣለች። ሲመሽ ሰዎች ተሸክመው አስገቧት።

እውነቱን ነገርኳት። አውሮፕላኑ የስክሪን እንደሆነ፣ አንተ ከወንበርህ እንዳልተነሣህ ነገርኳት። እሷም «እስከ ማይሶር ድረስ መንገዱን ካወቀው መቼም አንድ ቀን ይመጣል» አለችና ያንተን ኦባቱ ለእኔ አቀረበችልኝ። በላሁት።

ያን ዕለት በታክሲ ይዣት መጣሁ። ባሌ ከገበያ ሳይመለስ መሪውንም፣ ማንሻውንም፣ ስክሪኖቹንም፣ ያንተንም ፔዳል ነቅዬ ደረጃ ሥር ቆለልኩት፤ አልጋዋንም አስገባሁ። መጥቶ እማዬን አልጋው ላይ ሲያያት፣ ጎንበስ ብሎ እንደ ወጉ እግሯን ነካና «እንኳን መጡ» አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ በረራ አልተነፈሰም። እኔም ዕቃው በአቧራ እንዳይበላሽ የአልጋ ልብስ አልብሼለታለሁ፤ ለእሱ ከዚህ በላይ ርኅራኄ የለኝም።

ላንተ ግን ገና አልጨረስኩም። የማይሶር አውሮፕላን ማረፊያ ናንጃንጉድ መንገድ ላይ ነው፤ ከእናትህ ቤት በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አራት ዓመት ሙሉ እግርህ ይህን አገር አልረገጠም። ለእሁድ ጨዋታ ጊዜ አለህ፤ ፔዳል መርጦ ለመላክ ጊዜ አለህ፤ እኔን ለመውቀስም ጊዜ አለህ። በየሳምንቱ እዚህ ታርፋለህ፤ አንድ ቀን እንኳ በሩን ከፍተህ አልወረድክም። ንቄሃለሁ ወንድሜ፤ ስለምወድህ ነው የምነግርህ።

ቪናያን እቀፍልኝ፤ በዚህ ነገር እሷ የለችበትም። ኢላን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ለሳሏ ዝንጅብል በማር አድርጉላት። ስፑርቲ ሰላም ብላሃለች፤ ኢንተርኔቷ ተመልሶላታል። ሱብራያም ሰላም ብሎሃል፤ ያለው ይህን ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እጅ ነሥተዋል። እማዬን ምን ልበልልሽ ብያት ነበር፤ ሰላምታዋን በደብዳቤ መላክ አልፈለገችም፤ ሲመጣ ራሴ እሰጠዋለሁ ብላለች።

ታላቅ እህትህ ናገራትና
ማይሶር፣ ዲሴምበር 6 ቀን 2022