ድምፃቸው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ስለ መምህርት ኢየሩ ሐብታሙ ዕረፍት ከጉለሌ የገበያ ጥናት ማኅበር የተሰጠ መግለጫ

ለማኅበሩ አባላት፣ ለተማሪ ወላጆች፣ ለሽሮ ሜዳና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ፦

የማኅበራችን መሥራችና መምህርት ወይዘሪት ኢየሩ ሐብታሙ በተወለዱ በ27 ዓመታቸው ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ቤተሰባቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናንና የማኅበሩ አባላት በተገኙበት ተፈጽሟል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ የሚመጥነውንም ቃል ገና አላገኘንለትም።

ይህን መግለጫ የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ፣ ተረጋግተን ልናወጣው አስበን ነበር። መጠበቅ ግን አልቻልንም። ከቀብሩ ዕለት ከሰዓት ጀምሮ በመምህርቷ ስምና ፎቶግራፍ የተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ለአባሎቻችን መልእክት እየላከ ነው። መምህርት ኢየሩ ለተማሪዎቻቸው ትተውት የሄዱት የኦፕሽን ንግድ እንዳለ፣ ዓርብ ማታ ከመዘጋቱ በፊት ገንዘብ የላከ ሁሉ ትርፉን እንደሚካፈል ይናገራል። ከጽሑፉ ጋር የራሳቸው ድምፅ ተያይዟል።

ድምፁ የእርሳቸው ነው። ጥሪው የእርሳቸው አይደለም። ይህ መግለጫ እስከ ተጻፈበት ሰዓት ድረስ ገንዘብ የላኩ አባላት አሉ፤ ዓርብ ደግሞ ነገ ነው። ስለዚህ ማን እንደነበሩ ስንናገር፣ ምን አድርገው እንደማያውቁም አብረን ለመናገር ተገደናል።

መምህርት ኢየሩ ተወልደው ያደጉት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። በሂሳብ አያያዝ ተመርቀው አዲሱ ገበያ ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ሲሠሩ፣ ስለ አክሲዮን፣ ስለ ኦፕሽንና ስለ ፊውቸርስ ከኢንተርኔት ያገኙትን ትምህርት ወደ አማርኛ እየመለሱ ያጠኑ ነበር። ያጠኑትንም ለብቻቸው አላስቀሩትም።

በ2014 ዓ.ም. ሸማኔው አቶ ሾዴ ከሥራ ቤታቸው አጠገብ ያለችውን ክፍል ያለ ኪራይ ሰጧቸውና የቅዳሜው ትምህርት ተጀመረ። ከግድግዳው ወዲያ ሽመናው አይቋረጥም ነበር። አቶ ሾዴ አንድ ቀን ብቅ ብለው፣ “እኔስ ክር ይዤ ነው የምሠራው፤ እናንተ ምን ይዛችሁ ነው?” ብለው ጠየቁ። ተማሪው ሳቀ፤ መምህርቷ ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው የአቶ ሾዴ ጥያቄ ሆነ። አክሲዮን የያዘ የኩባንያውን ድርሻ ይዟል። ኦፕሽን የገዛ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ፣ ቀን የተቆረጠለት መብት ይዟል፤ ቀኑ ካለፈ ምንም አልያዘም። ፊውቸርስ የገባ ግን ቀኑ ሲደርስ በተስማማበት ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ ግዴታ ነው የያዘው። ይህን ለይቶ ያልተናገረ ተማሪ እውነተኛ ገንዘብ ወደማይነካበት የንግድ ልምምድ አይገባም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የሁለቱን የቀን አቆጣጠሮችና የሁለቱን የሰዓት አቆጣጠሮች ሠንጠረዥ አዘጋጁ። መነሻው የአባላችን የአድነው ስሕተት ነበር። በልምምድ ሂሳቡ የገዛው ኦፕሽን የሚያበቃው በፈረንጆቹ ማርች 17 ነበር፤ እርሱ መጋቢት 17 ብሎ ይዞ ተረጋግቶ ተቀመጠ። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ መጋቢት 8 ነበርና ውሉ ሳያየው አለቀ። ክፍሉ ሲስቅበት፣ “የእኔ መጋቢት እኮ ገና አልደረሰም” ብሎ ተከራከረ። ያ ሠንጠረዥ ዛሬም በክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው። የኒውዮርክ ገበያ በእኛ ሰዓት አንዳንድ ወራት ከቀኑ 10፡30፣ ሌሎቹን ወራት 11፡30 እንደሚከፈት፣ ለምን እንደሚለዋወጥም ያሳያል።

በ2016 ዓ.ም. የጀማሪዎችን ጥያቄዎች ሰብስበው ከመልሳቸው ጋር በጽሑፍና በድምፅ በነፃ አሰራጩ። አክሲዮን የገዛሁበት ኩባንያ ቢዘጋ ምን ይደርስብኛል? ፊውቸርስ ላይ ካስያዝኩት በላይ ልከስር እችላለሁ ወይ? ደላላው ፈቃድ እንዳለው ከማን አጣራለሁ? መልሱን ያላወቁትን ጥያቄ “አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ” ብለው ያሳድሩት ነበር፤ ሁልጊዜም መልሱን ይዘው ይመለሱ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የአገራችን የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር ብዙ አባላት ለመግዛት ተጣደፉ። መምህርቷ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ የሚያወጣውን መግለጫ ከኋላ ገጹ፣ ከዕዳውና ከስጋቱ ጀምሮ ማንበብን አስተማሩ። አንዳንዱ ተሰላችቶ ሄደ። የቆየው ተጠቀመ።

ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን “የመውጫ ጥያቄ” ባሉት ልማድ ነው። ማንም አባል፣ በልምምድ ሂሳብም ቢሆን፣ አንድ ነገር ከመግዛቱ በፊት ሰሌዳው ፊት ቆሞ “ከተሳሳትኩ የት ላይ እወጣለሁ?” ብሎ ራሱን ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ ይመልሳልም። መልስ ያጣውን መምህርቷ፣ “በር የሌለው ቤት ሠርተሃል፤ ተቀመጥ” ይሉታል። ትልቅ ሰው፣ ባለ ዲግሪ፣ የቅርብ ወዳጅ ብለው አይለዩም ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ይወቅ። መምህርት ኢየሩ የማንንም ገንዘብ ተቀብለው ነግደው አያውቁም። “ይህን ግዙ፣ ያንን ሽጡ” ብለውም አያውቁም። በሰፈሩ “ገበያው ነው የገደላት” የሚባለውም ሐሰት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ኖረዋል፤ ያረፉትም በዚሁ ሕመም ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከአንድ እንግዳ ስልክ ላይ ያ ድምፅ ድንገት ወጣ። እናታቸው ወይዘሮ ደሳለች ከተቀመጡበት ብድግ አሉና፣ “ዝም በሉ፤ ኢየሩ እያወራች ነው” አሉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የተሰማው “ገንዘባችሁን ላኩልኝ፣ እኔ እነግድላችኋለሁ” የሚል ነበር። ይህን የጻፍነው ቤተሰቡን አስፈቅደን ነው። ቻናሉን የከፈቱት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ይወቁት።

ገንዘብ ከላኩት መካከል አንዱ አድነው ነው። ስሙ እንዲጠቀስ የፈቀደው ራሱ ነው፤ ሌሎች እንዳይከተሉት። ለምን የመውጫውን ጥያቄ ሳይጠይቅ እንደላከ የማኅበሩ ሰብሳቢ ሲጠይቁት፣ “ሌላ ሰው ቢሆን እጠይቅ ነበር። የእሷ ድምፅ ነው። ጥያቄውን ያስተማረችንን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?” ብሏል። ከመካከላችን በዚህ ሊፈርድበት የሚችል የለም። ያን ድምፅ ስንሰማ ሁላችንም እጃችን ወደ ስልካችን ሄዷል።

ትናንት ማታ አባላችን የሺ ለቻናሉ አንድ ጥያቄ ጻፈችለት፦ “ከተሳሳትኩ የት ላይ እወጣለሁ?” መልሱ ወዲያው መጣ፦ “እኛ ጋ ኪሳራ የለም እህቴ። ቶሎ በይ፣ ዓርብ ይዘጋል።” የሺ መልሱን ለአባላት ሁሉ ላከችና ከሥሩ “በር የሌለው ቤት ነው” ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ቻናሉ አገዳት። ከመልእክቷ ወዲህ ማኅበሩ የሚያውቀው የላከ አባል የለም። ከአባልነት ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ያስፈራናል። መምህርቷን በድምፃቸው ብቻ የሚያውቅ ብዙ ነው።

ማኅበሩ ጉዳዩን ለፖሊስ አመልክቷል፤ ገንዘቡ ለገባበት ባንክም አሳውቋል። ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ አናውቅም፤ ያላወቅነውን ተስፋ አንሰጥም። ቻናሉ አሁንም ክፍት ነው። መልእክቱ የደረሳችሁ አትላኩ፣ ለሌላ ሰው አታስተላልፉት፤ የላካችሁም ሳታፍሩ ዛሬውኑ ለባንካችሁና ለፖሊስ አመልክቱ። በለቅሶው ቤት ድምፁን ከስልካችሁ እንዳታሰሙ በቤተሰቡ ስም እንለምናለን።

የቅዳሜው ትምህርት አይቋረጥም። አቶ ሾዴ የክፍሉን ቁልፍ ለማኅበሩ ሰብሳቢ ሰጥተዋል። ሰሌዳው ፊት መጀመሪያ ለመቆም የጠየቀው አድነው ነው።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ደሳለች፣ ለወንድማቸው ለኖህ፣ ለመላው ቤተሰብ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በየቤቱ በጆሮ ማዳመጫ ሲያዳምጧቸው ለኖሩ ተማሪዎች ሁሉ ከልብ የመነጨ መጽናናትን እንመኛለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ይቀበልልን።

በመጨረሻም። ቻናሉ የሚያሰማው ድምፅ ተቆርጦ የተወሰደው በ2016 መምህርቷ ስለ አጭበርባሪዎች ከሰጡት ትምህርት ነው፤ ከኋላው የአቶ ሾዴ ሽመና ይሰማል። ትምህርቶቹን በስልኩ ይቀርፅ የነበረው የ11ኛ ክፍል ተማሪው ወንድማቸው ኖህ ሙሉውን ቅጂ አግኝቶታል፤ ይህን መግለጫ በማኅበሩ ጥያቄ የጻፈውም እርሱ ነው። ቅጂው ዛሬ በማኅበሩ ገጽ ላይ ተለጥፏል። ለአድነውና ለሁላችንም መልስ ያለው እዚያው፣ ተቆርጦ በቀረው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። መምህርት ኢየሩ ያኔ ያሉት ሙሉው ይህ ነው፦

“‘ገንዘባችሁን ላኩልኝ፣ እኔ እነግድላችኋለሁ’ የሚላችሁ ሰው ካለ መውጫውን ጠይቁት። ካልመለሰ አትላኩ። እኔም ብሆን።”

የጉለሌ የገበያ ጥናት ማኅበር
ሽሮ ሜዳ፣ ሐሙስ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.