የማትበጥሰው ሞተር

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ከአምናው ይሻላል፣ ዶሮዎቹም መጣል አላቋረጡም።

መኖ የምንጭንባት ባለ አራት ጎማ ሞተር ይኸው ዓመት ሙሉ ቺንጋ፣ ያንን ጎማዋን የሚያዞረውን የላስቲክ ቀበቶ፣ አልበጠሰችም! በተበጠሰ ቁጥር አባትሽ እየደወለ የሚያስልክሽ ቺንጋ ለካ ያለቀው በራሱ ወሬ ኖሯል። አምና መካኒኩ ከፍቶ ቺንጋውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቃጥሎ ቢያገኘው፣ "ዳገት ላይ በነዳጅ ነው እንዴ የምታቆሟት?" አለ። አባትሽ ጆንያ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ጎረቤታችንን አናጢውን ካገኘ፣ ፍሬን መያዝ ትቶ፣ እንዳትንሸራተት ነዳጅ እየሰጠ ነዋ የሚያወጋው! አሁን ግን ፍሬን ይይዛል፣ ጭነት ሲኖር በከባዱ ማርሽ ይወጣል፣ ጠዋትም ሳያሞቃት አይነሳም። መጨረሻ የላክሽው ቺንጋ እስካሁን ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ትናንት ታዲያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ብወጣ አናጢው የለ፣ ማንም የለ፤ አባትሽ ዳገቱ ላይ ብቻውን ቆሞ ነዳጅ ይሰጣል። "ምን ነካህ አንተ ሰው?" ብለው፣ "ካልተበጠሰ ልጅቷ ጋ ምን ብዬ ልደውል?" ብሎኝ እርፍ።

ስቄ ሞትኩ፤ ኋላ ግን ሆዴ ባባ። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ አንቺም ሳትበዪ አትሩጪ። መንገድሽን ሁሉ ሜዳ ያድርግልሽ። አደራሽን፣ እሁድ እሁድ አንቺው ደውዪለት፤ ቺንጋ እስኪበጠስ አትጠብቂ።

እናትሽ