ባለ መቶ ሃያ ደቂቃው ካሴት

ውድ ወንድም ጋሼ፣ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ እንደምን ነህ? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅህ ሳልስ ተሻለህ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ባለቤትህስ ገበታ ላይ ስታንጎራጉር ዛሬም ትቆጣሃለች ወይስ ማንጎራጎሩንም ተውከው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። እግሬ ግን አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል፤ ይህን ስጽፍ እንኳ አራት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ባለፈው እሑድ እማዬ በስልክ ጉድ ነገረችኝ። ድራመሩ ባንዱን እንደገና ሊያሰባስብ ቤት ድረስ መጥቶ ለምኖህ፣ አንተ «እኔ መድረክ ላይ የምጠፋ ሰው ነኝ፣ ሌላ ጊታሪስት ፈልጉ» ብለህ መለስከው አሉ። እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቀዋለሁ ብሏል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ የሆቴሉን አንሶላ አንዱን ሁለቴ ስተኩስ፣ ሌላውን ሳልተኩስ ሳጣጥፍ፣ አለቃዬ ልብሽን የት ጣልሽው አለችኝ። ልቤማ ባንዱ ሲጫወት የቀረጽኳቸው ካሴቶች ላይ ነው። ከሻንጣ አውጥቼ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ነው የምተኩሰው።

ሠላሳ አንድ ምሽት ቀርጬላችኋለሁ። አብዛኛው ደህና ነው፤ ጥቂቱ ግን ሰው ያስለቅሳል። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መብራት የጠፋበትን ታስታውሳለህ? የእኔ ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ሁሉንም ይዞታል። ጊታርህና ኦርጋኑ ጸጥ ሲሉ ድራመሩ ብቻውን ይቀጥላል፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ይይዝለታል፣ መብራቱ ሲመጣ ሁላችሁም እዚያው ምት ላይ ትገባላችሁ። ማን ቆጠረላችሁ? ደግሞ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሳክስፎኑ ዝግ ብሎ ለዝናቡ ቦታ የለቀቀበት አለ። እዚያ ላይ አንሶላ ላቃጥል ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አንተ የምትጠላው፣ ከባንዱ ጋር የተጫወትክበት የመጨረሻ ምሽትህ ነው።

ሕጋችንን ታውቀዋለህ። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል እጄን አነሳለሁ፣ አንተ ታየኝና ዜማውን ለዘፋኙ ትመልሳለህ፣ ዘፈኑ ይዘጋል። ያን ምሽት ግን ከወትሮው የሚረዝም ባለ መቶ ሃያ ደቂቃ ካሴት ጫንኩና ለማናችሁም ሳልናገር ቀረሁ። ገና ብዙ አለ ብዬ ሰዓቴንም ማየት ተውኩ። አንተ ምልክቱን ስትጠብቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ሄድክ፤ ዘፋኙ ማይኩን ይዞ ቆሞ ቆሞ፣ ጥሎት ወረደ። ከመድረክ ጀርባ ምልክት አልሰጠሽውም ወይ ብሎ ሲያፈጥብኝ፣ ሦስት ጊዜ አንስቻለሁ፣ አላየኝም አልኩ። ፈርቼ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ጊታሪስቱ ፈዟል ተባለ፣ አንተም አመንክ።

ወንድም ጋሼ፣ እጄን አላነሳሁም። አንድም ጊዜ። ዓይኔን ጨፍኜ አንተን እየሰማሁ ነበር።

እነዚያን አሥራ አንድ ደቂቃዎች ስማቸው። መጀመሪያ አንዲት ሐረግ ይዘህ በጨለማ በር እንደሚፈልግ ሰው ትመላለሳለህ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ኦርጋኑ ሐሳብህ ገብቶት ይከተልሃል። ዘጠነኛው ላይ ድራመሩ በደስታ ሲጮህ ይሰማል። ለዚህ ነው ቤትህ ድረስ የመጣው፤ የጠፋ ሰው እንዲህ አይጫወትም።

ሰባት ዓመት ሙሉ ቁስልህ ላይ እንጨት ስሰድ ኖሬያለሁ። ብትቀየመኝ እውነት አለህ፣ መልስም አትጻፍልኝ፤ ለድራመሩ ግን የሰጠኸውን መልስ አንሳ። ካሴቱን አብራኝ የምትሠራው ልብስ አጣቢ ነገ ጠዋት ስትሳፈር ይዛልህ ትመጣለች። ሐሳቤን እንዳልቀይር ዛሬውኑ ላስረክባት ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹንም አገላብጠህ ሳማቸው። አክስቴን መድኃኒቷን በሰዓቱ ትዋጥ በልልኝ። ዘፋኙንም መንገድ ላይ ካገኘኸው ይህን ወረቀት አስነብበው፤ የሚሰድበው ከፈለገ የአንተን ስም ሳይሆን የእኔን መሆን እንዳለበት ከእጅ ጽሑፌ ይወቀው።

ታናሽ እህትህ
ከሆቴሉ ልብስ መተኮሻ ክፍል፣ ኅዳር ፲፱ ቀን